ጀማሪ ስፒከር አይግዛ

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሥራት ልጀምር ብሎ ከፒያሳ እስከ ስታዲየም የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫዎችን የሚዞር ወጣት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ ኮንደንሰር ማይክ፣ ሳውንድ ካርድ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሣጥን)፣ ስታንድና ጥንድ ስፒከር ያለበትን «ሙሉ ፓኬጅ» ውሰድ ይባላል። ለድምፃዊ ወይም ቲክቶክ ላይ ላይቭ ለሚገባ ሰው ይህ ይሠራ ይሆናል። ቢትና ሜሎዲ በኮምፒውተር ለሚሠራ ጀማሪ ግን ጉዳት ነው። ማይኩ ከካርቶኑ ሳይወጣ ይከርማል፤ ስፒከሩ ጎረቤት እንዳይረብሽ ድምፁ ተቀንሶ ይቀመጣል፤ ልጁም እጁ ላይ በቀረው አሮጌ ላፕቶፕና የስልክ ማዳመጫ ሲታገል ተስፋ ይቆርጣል።

ዛሬ እንዲህ ያለው ስህተት ከበፊቱ የበለጠ ያስከፍላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እነዚህ ዕቃዎች ደግሞ ሁሉም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ የግዢ ቅደም ተከተል ትልቅ ጉዳይ ነው። የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ባለገመድ ማዳመጫ፣ ትንሽ ኪቦርድ። በእነዚህ ሦስቱ ዓመት ሙሉ መሥራት ይቻላል። ሳውንድ ካርድና ማይክ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ፤ ስፒከር ከሁሉም መጨረሻ።

ላፕቶፑ ላይ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም። ሰባተኛው ትውልድ አይ5-7200ዩ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚከፋፈል የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፤ ስምንተኛው ትውልድ አይ5-8250ዩ አራት አለው። እስከ ዘጠነኛው ትውልድ ባሉት አራት አኃዝ ያላቸው ሞዴሎች ትውልዱን የሚናገረው የመጀመሪያው አኃዝ ነው። ልዩነቱ ሦስት አራት ሲንት (ድምፅ የሚፈጥር ሶፍትዌር) አንድ ላይ ሲከፈቱ ይታያል፤ ባለሁለት ኮሩ ድምፁን መቆራረጥ ይጀምራል። ዊንዶውስ 11ም በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ራም ከ8 ጊጋ አይነስ፤ ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን። ሱቁ ውስጥ ሳሉ ከቻርጀሩ ነቅለው 20 ደቂቃ በባትሪ ያሠሩት፣ የማዳመጫውን ቀዳዳ ገመድ ሰክተው ነቅነቅ ያድርጉ፣ እያንዳንዱን ዩኤስቢ በፍላሽ ይሞክሩ። ቀዳዳው ድምፅ እየቆራረጠ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ይተዉት።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ማዳመጫው ነው። ብሉቱዝ አይሆንም። በ120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ የምቱ ሩብ 125 ሚሊሰከንድ ነው። የተለመደው የብሉቱዝ መዘግየት ደግሞ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ጣትዎ ቁልፉን በነካበት ቅጽበትና ድምፁ በተሰማበት ቅጽበት መካከል የምት ሩብ ያህል ጊዜ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ «ሪትም የለኝም» ብሎ ራሱን የሚወቅሰው ጥፋቱ የማዳመጫው ሆኖ ሳለ ነው።

«ኤክስትራ ቤዝ» የተጻፈበትንም ይለፉት። ቤዙን አግዝፎ ስለሚያሰማ ሠሪው ሳያውቅ ከሚገባው በላይ ይቀንሳል፤ ሥራው በሚኒባስ ስፒከር ሲከፈት ቀጥኖ ይቀራል። የሚፈለገው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጀርባው የተዘጋ፣ ኢምፔዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ከ32 እስከ 80 ኦም የሆነ ማዳመጫ ነው። ባለ250 ኦሙ በላፕቶፕ ቀዳዳ ብቻ በቂ ድምፅ አያወጣም። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም20ኤክስ ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ገመዱ ግን አይነቀልም። ኤም40ኤክስ ገመዱ ስለሚነቀል ሲበጠስ ገመዱን ብቻ ቀይሮ መቀጠል ይቻላል። አቅም ካለ ለዚህች ልዩነት መክፈል ያዋጣል፤ ማዳመጫ ቶሎ የሚበላሸው ገመዱ ላይ ነውና። ሲገዙ የድምፃዊው ድምፅ መሐል ላይ የተቀመጠበትን የሚያውቁትን ዘፈን ይዘው ይሂዱ። ድምፁ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካዘነበለ አንዱ ጎን ደክሟል። ከዚያ የቶን አፕ (አንድ ወጥ ድምፅ የሚያወጣ) ከፍተው ከ30 ኸርዝ ወደ ላይ ቀስ እያሉ ያንሱት፤ የሚንጫጫ ነገር ከሰሙ ይመልሱት።

ኪቦርዱን በተመለከተ፣ አዲስ ከመግዛት በፊት ቤት ውስጥ ወይም ዘመድ ዘንድ ያለውን ያማሃ ኦርጋን ጀርባ ገልብጦ ማየት ይገባል። ፒኤስአር-ኢ363ና ኢ373ን የመሳሰሉት ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው፤ ገመዱም ሁላችንም የምናውቀው የፕሪንተር ገመድ ነው። ያ ኦርጋን ሙሉ የሚዲ ኪቦርድ (የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ለኮምፒውተሩ የሚነግር) ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ባለ61 ቁልፍ። ኦርጋን ከሌለ እንደ አካይ ኤምፒኬ ሚኒ ያለ ባለ25 ቁልፍ ይበቃል። ቁልፉ የአመታትን ኃይል የሚለይ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ፤ በቀስታ ሲነኩትም በኃይል ሲመቱትም እኩል ድምፅ የሚያወጣ ኪቦርድ ሙዚቃውን ያደርቀዋል። ጥቂት መሣሪያ ጥሩ ሥራ አይከለክልም፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮን፣ ኪቦርዶችና ድራም ማሽን ይዞ ብቻውን አልበም ሠርቷል።

ሙዚቃውን ለሚያቀናብሩበት ሶፍትዌር፣ ሪፐር ለ60 ቀን ምንም ሳይጎድለው በነፃ ይሞከራል፤ ኤልኤምኤምኤስ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። የኤፍኤል ስቱዲዮ መሞከሪያ ሥራዎን ያስቀምጣል፣ ያስቀመጡትን መልሶ ለመክፈት ግን መግዛት ይጠይቃል። ይህን ሳያውቁ የወር ልፋታቸውን ያጡ ብዙ ናቸው። በፍላሽ የሚተላለፈውን ክራክ (ያለ ክፍያ ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር) አልመክርም፤ ከቫይረሱ ሌላ በየዝማኔው ፕሮጀክት ይሰብራል። ዊንዶውስ ላይ በማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ሲሠሩ አሲዮ4ኦል የተባለውን መዘግየት የሚቀንስ ነፃ ድራይቨር ይጫኑና በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያከማቸውን መጠን) 256 ሳምፕል ያድርጉት፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ 5.8 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ ጣት አይሰማውም። ትር ትር ማለት ከጀመረ ወደ 512 ከፍ ያድርጉት። ተጫውተው ጨርሰው ሚክስ ሲያደርጉ 1024 ቢሆንም ችግር የለውም።

የእኛን ቅኝት በዚህ ሁሉ ማግኘት ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ይቻላል፤ ያውም ሳይከፍሉ። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንቺ ሆዬ ላይ ስንደርስ ግን ኦክታቩን በአሥራ ሁለት እኩል የሚከፍለው የኪቦርዱ ቅኝት አይበቃም፤ ክራርና ማሲንቆ የሚያወጧቸው ድምፆች በሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቁበት ጊዜ አለ። ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው ነፃ ሲንት ስካላ የሚባለውን የቅኝት ፋይል ያነባል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይጻፋል፦ አንድ መስመር ስም፣ ቀጥሎ የድምፆቹ ብዛት፣ ከዚያ እያንዳንዱ ድምፅ ከመነሻው በስንት ሴንት (የሁለት ጎረቤት ቁልፎች ርቀት መቶኛ) እንደሚርቅ። መነሻው ራሱ አይጻፍም፤ የመጨረሻው መስመር ኦክታቩ፣ 1200.0 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነጥቡ ላይ ነው፤ 500.0 በማለት ፈንታ 500 ብቻ ከተጻፈ ሶፍትዌሩ ሴንት ሳይሆን ሬሾ አድርጎ ያነበዋልና ድምፁ ከጣሪያ በላይ ይወጣል። የቁልፎቹ አቀማመጥ እንዳይምታታ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ጽፎ የሚፈለጉትን ብቻ ጥቂት ሴንት ማንሳት ወይም ማውረድ ይሻላል። ለችክችካ ደግሞ ግሪዱን (ኖታዎቹ የሚሰለፉባቸውን መስመሮች) ወደ ትሪፕሌት፣ ማለትም ምቱን በሦስት ወደሚከፍለው፣ ይቀይሩ፤ ሶፍትዌሩ ሲከፈት የሚሰጠው በአራት የተከፈለ ግሪድ የከበሮውን ውዝዋዜ ይገድለዋል።

የመብራቱ ነገር የራሱ ትኩረት ይፈልጋል። ማዳመጫው ውስጥ ያለማቋረጥ እምም የሚል ድምፅ ካለ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ይሞክሩ። ከጠፋ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ነው። ባለሦስት እግር ቻርጀር በሁለት እግር አዳፕተር ሲሰካ ኧርዙ ይቋረጣል፤ የላፕቶፑን ብረት ሲነኩ የሚሰማው ንዝረትም ከዚያው ነው። መፍትሔው ኧርዝ ያለው ሶኬትና ዲቫይደር ነው፤ በፍጹም የቻርጀሩን ሦስተኛ እግር አይቁረጡ። መብራት ሲሄድ ሁሉንም ይንቀሉ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ሳይቆዩ አይሰኩ፤ አዳፕተር የሚያቃጥለው ሲመለስ ያለው ግፊት ነው። ላፕቶፕ፣ ባለገመድ ማዳመጫና በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ካለዎት መብራት ቢሄድም ሥራው አይቋረጥም። ስፒከር ይህን አይችልም።

ክራር፣ ማሲንቆ ወይም ድምፅ መቅዳት ሲፈለግ ሳውንድ ካርድ ጊዜው ደረሰ። በየሱቁ የሚሸጠው ቪ8 ለስልክ ላይቭ የተሠራ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይውልም። እንደ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ያለ የራሱ አሲዮ ድራይቨር ያለው ይፈለግ። ከኮንደንሰር ይልቅ ዳይናሚክ ማይክ ይሻላል፤ ኮንደንሰሩ ከመንገድ የሚመጣውን ክላክስና ጀነሬተር ሁሉ ይሰበስባል። ሹር ኤስኤም58 ነው ተብሎ ከቀረበልዎት በሚዛን ያስቀምጡት፤ እውነተኛው 298 ግራም ነው፣ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ስፒከር መጨረሻ የሚሆነው በዋጋው ብቻ አይደለም፤ ክፍሉም አያግዝም። ግድግዳዎቹ 3 ሜትር በሚራራቁበት የኮንዶሚኒየም መኝታ ክፍል ውስጥ 57 ኸርዝ ገደማ ያለው ቤዝ በግድግዳዎቹ መካከል ይመላለስና አንዱ ቦታ ላይ ያብጣል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋል። ወንበር ግማሽ ሜትር ሲገፋ ኪኩ (የትልቁ ከበሮ ድምፅ) ሌላ ይሆናል። ውድ ስፒከርም ይህን አያድንም። ለመግዛት ሲወሰን ባለ5 ኢንቹ ይበቃል፤ ከግድግዳው ራቅ ብሎ በጆሮ ቁመት ይቀመጥ፣ ከሳውንድ ካርዱ ጋር የሚያገናኘውም ባላንስድ (ጣልቃ የሚገባ ጩኸትን የሚቀንስ) ገመድ ይሁን።