አናሎግ የሚበላሸው በአቧራ ብቻ አይደለም

«የጌም ጆይስቲክ አናሎጉ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ) ሳይነካ ተጫዋቹን ወደ ጎን የሚነዳው አቧራ ገብቶበት ነው፤ አልኮል ጠብ አድርግበት፣ ይድናል» ላልከው ወንድሜ፦ ግማሹ ልክ ነው። አቧራ ያውከዋል። ዓመታት ባገለገለ ጆይስቲክ ላይ ግን ዋናው ጣጣ መበላት ነው። በፕሌይስቴሽን 5ም ሆነ በኤክስቦክስ ጆይስቲክ፣ ከአናሎጉ ሥር ትንሽ የብረት ምላስ በቀጭን የካርቦን መስመር ላይ ትንሸራተታለች። ካርቦኑ ሲፋቅ ጆይስቲኩ የአናሎጉን ቦታ አሳስቶ ያነባል። አልኮል ደግሞ የተፋቀውን አይመልስም፤ ብናኙን ጠርጎ ለጥቂት ጊዜ ፋታ ቢሰጥህ ነው። በማግኔት የሚያነበው፣ ሆል ኢፌክት የሚባለው ዓይነት ይህ መፋተግ የለበትም። አዲስ ፈጠራ እንዳይመስልህ! ሴጋ በ1998 እ.ኤ.አ. በድሪምካስት ጌም ማሽኑ ጆይስቲክ ላይ ተጠቅሞበታል። ለአሁኑ ግን ጨዋታው ሴቲንግ ውስጥ ዴድ ዞን (ትንሿን የአናሎግ እንቅስቃሴ ችላ የሚያስብለው ማስተካከያ) ካለው ትንሽ ከፍ አድርገው። እሱም ካልረዳህ አናሎጉን አስነቅሎ በአዲስ ማስበየድ ነው።