ማስተካከያ፦ ስለ ባይፖላርና ድባቴ
ባለፈው «ጠዋት ስቆ ማታ የሚያለቅስ ሰው ባይፖላር አለበት» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ባይፖላር ማኒያ (ከልክ ያለፈ መነቃቃት) እና ድባቴ የሚፈራረቁበት ሕመም ነው፤ በአንድ ቀን የሚገለባበጥ ስሜት ብቻውን ባይፖላር አያሰኝም። ማኒያ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ሰውየው 3 ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም አይሰማውም፣ ወሬው አይያዝም፣ ገንዘቡን ይበትናል። ድባቴ ደግሞ ቢያንስ 2 ሳምንት ነው። ሐዘን ብቻ አይደለም፤ የሚወዱት ነገር ሁሉ ያስጠላል።

እኛ ድሬዎች ማኒያን ከምርቃና ጋር እናምታታዋለን። ምርቃና በሰዓታት ይበርዳል። ማኒያ ግን ጫት ባይቃምም ይዘልቃል። (ጫት ሊያባብሰው መቻሉ ሌላ ጣጣ ነው።)

«የድባቴ መድኃኒት ለድባቴም ለባይፖላርም ይሆናል» ያልኩትንም ሰርዙልኝ። ባይፖላር ላለበት ሰው ብቻውን ከተሰጠ ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ያ እንቅልፍ ያጣችሁበትን «ደስ የሚል» ሳምንትም ንገሩት።