ክርክር፦ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ዛሬም እንከን የለሽ ነውን?

በሮበርት ዜሜኪስ ዳይሬክተርነት በ1985 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው ይህ ፊልም፣ ማርቲ የተባለ ወጣት በጊዜ መኪና ወደ 1955 ተወርውሮ ወላጆቹን በወጣትነታቸው የሚያገኝበት አስቂኝ ታሪክ ነው። ሁለት ጸሐፊዎች ከዓመታት በኋላ መልሰው አይተውት በሐሳብ ተለያይተዋል።

ደጋፊ፦ ይህን ፊልም መልሼ ባየሁት ቁጥር የምደነቀው በመኪናው ሳይሆን በድርሰቱ ቁጠባ ነው፤ ዜሜኪስና ቦብ ጌል በጻፉት ታሪክ ውስጥ ያለ ሥራ የተቀመጠ ዕቃ አይገኝም። መግቢያው ላይ አንዲት ሴት፣ መብረቅ ያቆመው የከተማው ሰዓት እንዲጠበቅ መዋጮ ስትለምን ለማርቲ በራሪ ወረቀት ትሰጠዋለች፤ ወረቀቷን ሳይጥል የሚያቆያትም ፍቅረኛው በጀርባዋ ስልክ ቁጥር ስለጻፈችለት ነው። ኋላ 1955 ውስጥ የጊዜ መኪናው ነዳጅ የሆነውን ፕሉቶኒየም አጥቶ ሲቀርና መኪናው የሚፈልገውን 1.21 ጊጋዋት ኃይል ሊሰጥ የሚችለው መብረቅ ብቻ መሆኑ ሲነገረው፣ መብረቁ የሚወድቅበትን ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ4 ደቂቃን፣ የምታሳውቀው ያቺው ወረቀት ናት። ማርቲ የጊዜ ጉዞውን የጀመረበትን የገበያ ማዕከል ምልክትም ያስተውሉ። ማርቲ ከመሄዱ በፊት «መንትያ ጥድ» ይል የነበረው ጽሑፍ፣ በ1955 አንዱን ጥድ በመኪናው ስለጨፈለቀው፣ ሲመለስ «ነጠላ ጥድ» ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ፊልሙ ይህን በአንድ ቃል እንኳ አያብራራም።

ተቃዋሚ፦ ታሪኩ በሚገባ የተሰካካ መሆኑን አልክድም። ቅሬታዬ ማርቲ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ላይ ነው። ቤቱ አምሯል፣ አባቱ ደራሲ ሆኗል፣ ጋራዡ ውስጥ ልጁ ሲመኘው የነበረው ጥቁር ቶዮታ ፒክአፕ ቆሟል። እናቱን መኪና ውስጥ ሊደፍራት የሞከረው ቢፍ ደግሞ ከ30 ዓመት በኋላ የቤተሰቡን መኪና ሲወለውል እንደ ቀልድ ይቀርብልናል። አባትየውን የተጫወተው ክሪስፒን ግሎቨር ራሱ ይህን የሀብት ሽልማት እንዳልወደደው በይፋ ተናግሯል።

ደጋፊ፦ የቢፍን ነገር እቀበልዎታለሁ፤ ዛሬ ሳየው እኔንም ይጎረብጠኛል። ነገር ግን የፊልሙ ልብ ያለው ጋራዡ ውስጥ አይደለም። በ1955 ቢፍ የማርቲን አባት የጆርጅን አንድ እጅ ጠምዝዞ፣ የማርቲ እናት የምትሆነውን ልጅ መሬት ላይ ገፍትሮ ሲስቅ፣ ካሜራው ወደ ጆርጅ ሌላኛው እጅ ይወርዳል፤ ጣቶቹ ቀስ ብለው ይጨበጣሉ። ያን ሁሉ ዓመት የቀየረው ይህ ቡጢ ነው፤ ፒክአፑ ትርፍ ነው።

ተቃዋሚ፦ ቡጢው ላይ ቢያበቃ ኖሮ ከእርስዎ ጋር በተስማማሁ። አሁን ግን የወደዱት የገበያ ማዕከል ምልክት ራሱ ይመሰክርብዎታል። ማርቲ «ነጠላ ጥድ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ቆሞ፣ ሌላ ማርቲ በመኪናው ወደ 1955 ሲጠፋ ከሩቅ ያያል። ያ ልጅ ከደፋሩ አባትና ከደስተኛዋ እናት ጋር ያደገው ነው፤ የእኛው ማርቲ ግን የእርሱ ቤት ገብቶ፣ የእርሱ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ስለማያውቃቸው ወላጆች እየተገረመ ይነሣል። የሄደው ልጅ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም።