ከሱናሚ በኋላ ስለሚገኝ አስከሬን የቀረበ እርማት

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ስለደረሰው ሱናሚ ሲነሳ፣ «አስከሬኖቹ ወረርሽኝ እንዳያስነሱ፣ ማንነታቸው ሳይለይም ቢሆን ወዲያውኑ በጅምላ መቀበር ነበረባቸው» የሚል አስተያየት ተደጋግሞ አይቻለሁ። ስጋቱ ይገባኛል፤ ሽታው ብቻውን ያስፈራል። ነገር ግን ሰዎቹ የሞቱት በመስጠምና በአካል ጉዳት እንጂ በተላላፊ በሽታ ስላልሆነ፣ አስከሬናቸው በአጠቃላይ የወረርሽኝ ምንጭ አይሆንም፤ የመጠጥ ውኃን ሊበክል ስለሚችል ግን ከውኃ አጠገብ መነሳት አለበት፣ አንሺዎቹም ጓንት ያስፈልጋቸዋል። ይህንን የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ስለ አስከሬን አያያዝ በጋራ ባወጡት መመሪያ ማረጋገጥ ይቻላል። በስህተቱ የሚጎዱት በሕይወት የተረፉት ናቸው፦ በኢንዶኔዥያዋ አቼ እጅግ ብዙ ሰዎች ሳይለዩ በጅምላ በመቀበራቸው ቤተሰቦቻቸው የትኛው መቃብር ላይ እንደሚያለቅሱ እንኳ አላወቁም፤ በታይላንድ ግን በጥርስ መዝገብ፣ በጣት አሻራና በዘረመል ምርመራ ብዙዎች ተለይተው ለዘመዶቻቸው ተሰጥተዋል።