የፑሌጃ ምርቃት

የአክስቴ ወፍጮ ቆመ። የሞተሩ ፑሌጃ፣ ቺንጋው (የጎማ ቀበቶው) የሚዞርበት ክብ ብረት፣ ከንፈሩ ተሸርፎ ቺንጋውን ይዘነጥለው ጀመር። ዘመድ ተመካከረና አዲስ የማሠራቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። «ቁጥር ያውቃል» ተባለ።

አሮጌውን በፌስታል አንጠልጥዬ ታክሲ ገባሁ። ሳንደርስ ፌስታሉ ተቀደደ። ረዳቱ ፑሌጃውን በእግሩ ገፋ አድርጎ አየውና «የዚህም ይከፈላል» አለኝ።

መጀመሪያ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ያገለገለ ፈለግኩ። የኛ ሦስት ቺንጋ የሚይዝ፣ ባለ ሦስት ቦይ ነው። አንዱ ሻጭ ባለ አራት አወጣልኝ።

«አራተኛውን አትጠቀምበት። ማን ያስገድድሃል?»

ለትንሽ ልገዛው ነበር።

በመጨረሻ ብረት በማሽን የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ገባሁ። ማታውን ቁጭ ብዬ ልኩን ሁሉ በወረቀት ጽፌያለሁ፦ ዲያሜትር 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ ቦይ 3፣ ቺንጋው «ቢ» የሚባለው ዓይነት፣ የጀርባው ስፋት 17 ሚሊ ሜትር። ባለ ቶርኖው ጋሼ ወረቀቱን ተቀበሉኝ። አራት ቦታ አጠፉት። ከዚያ የሚንገዳገደው በርጩማቸው እግር ሥር ከተቱትና ተደላድለው ተቀመጡ።

«እጄ ያውቀዋል፤ ነገ ና» አሉኝ።

ነገ መብራት የለም። ከነገ ወዲያ ብረቱ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄደዋል፤ በለቅሶ ደግሞ ማን ይቆጣል? አክስቴ በየሰዓቱ ትደውላለች። ደንበኞቿ ጤፋቸውን ተሸክመው ወደ ታችኛው ወፍጮ መውረድ ጀምረዋል።

በአምስተኛው ቀን ደረሰ። እውነቱን ለመናገር ቦዮቹ ሸጋ ናቸው። ቺንጋ የሚይዘው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ነክሶ ነው፤ ታች ወለሉን ከነካ ይንሸራተታል። የሳቸው ቦይ ልክክ አድርጎ ይነክሳል። ብቻ ፑሌጃው ወፈር አለብኝ። ለካሁት። 15 ሳንቲ ሜትር!

«ጋሼ፣ 12 ተኩል ነበር እኮ ያልነው።»

«ምርቃት ነው፤ ለአክስትህ ብዬ ነው» አሉ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

ምርቃት ይመለሳል? አመስግኜ ወጣሁ።

ሞተሩን በሐዲዱ ወደፊት ገፋ አድርገን ገጠምነው። ወፍጮው ጮኸ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1440 ጊዜ ይዞራል። የወፍጮው ፑሌጃ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። በድሮው ድንጋዩ 720 ይዞር ነበር፤ በምርቃቱ 864 ገባ። ቁጥር ማወቄ የጠቀመኝ ይኸው ነው፤ ጥፋቴን አሰላሁበት።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ እማማ ዱቄቱ ውስጥ እጃቸውን ከተው ወዲያው አወጡት።

«ይሄማ በስሎ ነው የመጣው» አሉ። «ቅቤ ብቻ ነው የቀረው።»

አክስቴ ምንም አላለችም። ፌስታል አቀበለችኝ። ሁለት፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ።

ጋሼ አልተገረሙም። ፑሌጃውን ቶርኖው ላይ አሰሩና ማሽኑን አስነሱ። የብረቱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግራቸው ሥር ወረደ። ዙሪያው ሲቀንስ ቦዮቹም እንደገና መጥለቅ አለባቸው፤ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲጨርሱ ሒሳብ ጠሩ። ከመጀመሪያው ክፍያ ብዙም አይርቅም።

«ጋሼ፣ ትንሽ እንኳ አስተያየት ያድርጉልኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከልባቸው ያዘኑ ይመስላሉ።

«ባለፈው መርቄህ የለም እንዴ?»