ደሙ በተመለሰ ቁጥር ስልጠና

ከድንገተኛ ክፍል የመጣ ደም ሴንትሪፉጅ ተደርጎ (በማሽን በፍጥነት ተሽከርክሮ) ሲወጣ፣ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ የገለባ መልክ ሊኖረው ይገባል። ቀይ ሆኖ ከተገኘ ቀይ የደም ሴሎቹ ፈንድተዋል ማለት ነው፤ የላቦራቶሪ ሰዎች «ሄሞላይዝድ ነው» ብለው ይመልሱታል። መመለሳቸው ልክ ነው። በሴሉ ውስጥ ያለው ፖታሺየም ከውጭው ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ፣ 4 የነበረው ውጤት 6 ሆኖ ይነበብና ሐኪሙ የሌለ በሽታ ማከም ይጀምራል። የባሰው ደግሞ በእውነት ዝቅ ያለ ፖታሺየም ደህና መስሎ ሲያልፍ ነው።

ተመላሹ ሲበዛ የሚሰጠው ፍርድ ሜሪላንድም አዲስ አበባም አንድ ነው፦ «ነርሶቹ ስልጠና ያስፈልጋቸዋል።» ልዩነቱ ከፍርዱ በኋላ ይመጣል። አገር ቤት ደብዳቤ ይጻፋል፣ በጀት ይፈለጋል፣ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ የሆቴል አዳራሽ ይያዛል፣ ሦስት ቀን ፓወር ፖይንት ይታያል፣ አበል ተፈርሞ ይወሰዳል፣ ሰርተፊኬት ታድሎ ፎቶ ይነሳል። አሜሪካ አዳራሽም አበልም የለም። ለሁሉም ነርስ ኮምፒውተር ላይ የ20 ደቂቃ ትምህርት ይላካል፤ ሰዉ በሥራው መሐል «ቀጥል» የሚለውን እየተጫነ ይጨርሰዋል፣ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች እስኪያልፍ ደጋግሞ ይሞክራል። ከወር በኋላ ደሙ በሁለቱም ቦታ ይመለሳል። «ውጭ አገር ሥርዓት አለ፣ እኛ ጋ የለም» የሚለው የተለመደ እሮሮ እዚህ ላይ ብዙ አያስኬድም፤ ሁለቱም መድኃኒቱን ያዘዙት ሳይመረምሩ ነው።

ምርመራው ከአንድ ጥያቄ ይጀምራል። ሲስተሯ እቃው ሁሉ ተሟልቶላት፣ ኃላፊዋ አጠገቧ ቆማ ብታያት፣ ደሙን በትክክል መቅዳት ትችላለች? ከቻለች ጉድለቱ የእውቀት አይደለም፤ የቱንም ያህል ብትሰለጥን የምታውቀውን ደግማ ትሰማለች። የስልጠና ነገር የሚነሳው ካልቻለች ነው። ይህን ስብሰባ ላይ ተቀምጦ መገመት አይቻልም። መጠይቅ በትኖ «በምን ላይ መሰልጠን ትፈልጋላችሁ?» ማለትም አያዋጣም፤ ያም ሆኖ የስልጠና ፍላጎት ዳሰሳ ተብሎ በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ይኸው ነው። ሰው የሚያምረውና የሚጎድለው አንድ አይደለም። ቅጹ ተሰብስቦ ሲታይ ኮምፒውተርና የአመራር ስልጠና ይበዛበታል፣ ቱርኒኬት (ክንድ ላይ የሚታሰረው ጎማ) አስተሳሰር ብሎ የሚሞላ አይገኝም።

የሚያዋጣው መዝገብ ነው። ለአራት ሳምንት ከእያንዳንዱ ተመላሽ ናሙና ጋር ስድስት ነገር ይያዝ፦ ቀንና ሰዓት፣ የመጣበት ክፍል፣ የቀዳው ሰው ኮድ (ስም ከተጻፈ መዝገቡ በሳምንቱ መዋሸት ይጀምራል)፣ የተመለሰበት ምክንያት፣ በምን እንደተቀዳ፣ ከተቀዳ በስንት ደቂቃ ላቦራቶሪ እንደደረሰ። ከዚህ ጎን ለጎን እያንዳንዱ ክፍል በጠቅላላ ስንት ናሙና እንደላከ መቁጠር ግድ ነው። 30 የተመለሰበት ክፍል 3000 ልኮ ከሆነ ከመቶ 1 ብቻ ነው፤ 12 የተመለሰበት ግን የላከው 100 ከሆነ ዋናው ችግር እዚያ ተኝቷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁን ቁጥር ያይና ሥራ የሚበዛበትን ዋርድ ይወነጅላል። ለሄሞሊሲስ (ለሴሉ መፈንዳት) የተለመደው መመዘኛ ከመቶ 2 በታች መሆን ነው።

አሜሪካ ይህ ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚጠፋው ሪፖርቱን አውጡልኝ የሚል ሰው ነው። አገር ቤት የወረቀት መዝገብ አለ፣ በየገጹም ተሞልቷል፣ ግን አይደመርም። አራት ሳምንት የሞላን መዝገብ በእጅ ለመደመር ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ከአንድ ሰው የአንድ ቀን አበል ያነሰ ወጪ ነው።

የሚደመረው ቁጥር በሁሉም ነርስ ላይ እኩል ከተበተነ፣ ሁሉም በአንድ ወር ሙያቸውን አልረሱም፤ የእቃ ወይም የአሠራር ችግር ነው። ሦስት ኮዶች ላይ ከተከማቸ ወደ ስልጠና ይጠጋል። ሌሊት ብቻ ከበዛ ናሙናውን ማን እንደሚያደርሰውና የት እንደሚያድር ይጠየቅ፤ ሴረሙ (ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ) በ2 ሰዓት ውስጥ ከሴሎቹ መለየት አለበት፣ ሳይለይ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ደም ደግሞ ሴሉ ሳይፈነዳም ፖታሺየሙ ይወጣል። ፈሳሹ ንጹሕ ሆኖ ፖታሺየሙ ከፍ፣ ካልሲየሙ እጅግ ዝቅ ካለ ሄሞሊሲስ አይደለም። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቲዩብ ውስጥ ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ወደ ሌላው ቲዩብ ተሻግሯል፤ ወይ የአቀዳድ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል፣ ወይ አንዱ ቲዩብ ሲጎድል ከሌላው ተገልብጦ ተሞልቷል። ይህኛው እውነተኛ የእውቀት ጉድለት ነው፣ በስልጠናም ይድናል።

ከዚያ ሄዶ ማየት። 10 ወይም 15 ታካሚ ሲቀዳ በቀንም በሌሊትም ተረኛ አጠገብ ቆሞ ማየት ይበቃል። ቱርኒኬቱ ከ1 ደቂቃ በላይ ታስሮ ቆየ? አልኮሉ ሳይደርቅ ተወጋ? መርፌው ውፍረቱ 21 ጌጅ ነው ወይስ የተገኘው ቀጭኑ? ቲዩቡ በቀስታ ተገለበጠ ወይስ እንደ ሽሮፕ ተናጠ? አገር ቤት ብዙ ቦታ የቫኩቴነሩ (አየሩ ወጥቶለት ደሙን በራሱ የሚስበው ቲዩብ) መያዣ ስለማይገኝ ደሙ በስሪንጅ ይቀዳና በመርፌው በኩል በአውራ ጣት ግፊት ወደ ቲዩቡ ይገባል። ሴሉን የሚያፈነዳው አንዱ ይህ ግፊት ነው። ስሪንጅ የግድ ከሆነ ቲዩቡ በእጅ ሳይያዝ መደርደሪያው ላይ ይቁም፣ መርፌው ክዳኑን ይውጋ፣ ፕለንጀሩን (የስሪንጁን መግፊያ) ማንም አይንካው፤ የቲዩቡ ቫኩዩም ራሱ የሚበቃውን ይስባል። ጊዜው ያለፈበት ቲዩብ ቫኩዩሙ ስለሚደክም አይስብም፣ ያኔ ነው ሰው መግፋት የሚጀምረው። ታዲያ ይህ የግዢ ክፍል ጉዳይ ነው፤ ነርሷን አዳማ መውሰድ ቲዩቡን አያድሰውም።

አሜሪካ እቃው ሞልቷል፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ድንገተኛ ክፍል ታካሚውን ሁለት ጊዜ ላለመውጋት ደሙን አዲስ ከገባው የግሉኮስ መስመር፣ ከካኑላው ይቀዳሉ። ካኑላው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፣ መገጣጠሚያ አለው፣ ደሙ እዚያ ሲናጥ ይፈነዳል። ነርሷ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ታካሚውም አንዴ መወጋቱን ይወዳል፣ አለቃዋም ፍጥነቱን ይወዳል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ውሳኔ ነው፦ ወይ ለብቻ ይወጋ፣ ወይ የመሳብ ኃይላቸው ዝቅ ያለ ቲዩቦች ይገዙ። ኮምፒውተር ላይ የተላከው የ20 ደቂቃ ትምህርት ይህን ውሳኔ ላለመወሰን የሚደረግ ነገር ይመስላል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ የሚተርፈው የስልጠና ፍላጎት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፦ ለምሳሌ አራት አዲስ ነርሶች፣ አልጋ አጠገብ 40 ደቂቃ፣ እያንዳንዳቸው በሚያያቸው ሰው ፊት አምስት ታካሚ በትክክል ቀድተው። ቅደም ተከተሉንም እዚያው ይያዙት፤ መጀመሪያ የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ጀርም የሚፈለግበት)፣ ከዚያ በክዳኑ ቀለም ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም ወርቃማ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ግራጫ። ሰማያዊው እስከ ምልክቱ ካልሞላ 9 ለ 1 የሆነው የደምና ቲዩቡ ውስጥ ያለው የሲትሬት ልክ ይዛባል። በቃ፤ ለዚህ ሦስት ቀን አያስፈልግም።

በሕግ በኩል አሜሪካ አንድ የሚቀና ነገር አላት። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ክሊያ የተባለው የላቦራቶሪ ሕግ ምርመራ የሚሠራውን ሰው ብቃት በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ እንዲመዘን ያስገድዳል፤ ከስድስቱ መመዘኛዎች የመጀመሪያው ሰውየውን ሲሠራ ቆሞ ማየት ነው። ግን ሕጉ የሚመለከተው መርማሪውን ነው፣ ደም ቀጂውን አይደለም። ደም ለመቅዳት ፈቃድ የሚጠይቁት ካሊፎርኒያ፣ ሉዊዚያና፣ ኔቫዳና ዋሽንግተን (ከተማዋ ሳትሆን ግዛቱ) ብቻ ናቸው፤ አበሻ የሚበዛባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሉበትም። አገር ቤት በበኩሉ ሊኮራበት የሚገባ ምሳሌ አለው። ስሊምታ የተባለው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ ይፋ ሆኖ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የላቦራቶሪ ፕሮግራም፣ ሲነደፍ ሦስት አጫጭር ስልጠናዎች አሉት፤ በመካከላቸው ሰልጣኙ ወደ ላቦራቶሪው ተመልሶ አንድ ችግር ለክቶ ያሻሽላል፣ ከዚያ ውጤቱን ይዞ ይመጣል። ሌላው ስልጠናችን ይህን ያህል ቢኮርጅ ብዙ ነበር።

አበሉ ግን የሚያበላሸው አንድ ነገር አለ፤ ማን እንደሚሄድ ይወስናል። ዕድሉ በተራ ወይም በደረጃ ስለሚሰጥ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት አስተባባሪዎች ናቸው፤ ሌሊት ደም የምትቀዳው ነርስ ተረኛ ናት። የሄደው ሰው «ገለጻ ያደርጋል» ይባላል፣ ገለጻው ግን በጠዋት ርክክብ ላይ አሥር ደቂቃ ነው፣ የሌሊቷ ነርስም ቤቷ ለመሄድ ቦርሳዋን ይዛለች። መዝገቡ ላይ የተከማቹት ሦስት ኮዶች የስልጠናው ተሳታፊ ዝርዝር ላይ ከሌሉ ስልጠናው ባይካሄድ ይሻላል።

ስልጠናው ካለቀ በኋላ በአራተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያው መዝገብ በያው ስድስት ዓምድ ይደመር። በአራተኛው ወርዶ በአሥራ ሁለተኛው ከተመለሰ፣ ነርሶቹ ረሱ ከመባሉ በፊት የመጋዘኑ ቢን ካርድ (የእቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት) ይታይ፤ 21 ጌጁ መርፌ ያለቀበት ቀን እዚያ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።