ክፍያና አመኔታ ለየቅል ናቸው

በኢንተርኔት የመወያያ መድረኮች ላይ ሥር እየሰደደ የመጣ አንድ አሠራር አለ። የአባልነት ክፍያ የፈጸመ ሰው የጻፈው ወዲያውኑ ለሁሉም ይታያል፤ በነጻ የተመዘገበው የጻፈው ግን አወያይ ተመልክቶ እስኪያጸድቀው ድረስ ተይዞ ይቆያል። የመድረኮቹ ባለቤቶች ለዚህ የሚያቀርቡት ምክንያት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የማስታወቂያ ውርጅብኝ የሚለቁ ፕሮግራሞች፣ አጭበርባሪዎች፣ በታገዱ ማግስት በሌላ ስም የሚመለሱ ተሳዳቢዎች ዘወትር የሚመርጡት ነጻውን በር ነው፤ የሚያጣሩት ሰዎች ደግሞ ጥቂቶች ከመሆናቸውም በላይ ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ፣ ከዕለት ሥራቸው በተረፈ ሰዓት የሚያገለግሉ ናቸው። ስለዚህ ማጣራቱ ለምን ኖረ የሚል ክርክር የለኝም። የማጣሪያው መስፈርት ክፍያ መሆኑ ግን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተከፈለ ገንዘብ ስለ ከፋዩ አቅም ይመሰክር እንደሆነ እንጂ ስለ ጽሑፉ እውነትነትም ሆነ ስለ ጸሐፊው ጨዋነት የሚናገረው ነገር የለም።

ጉዳቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ተራ ውይይት እናስብ። አንድ ሰው የቤቱ ፊውዝ ደጋግሞ እየተቃጠለ እንዳስቸገረው ይጠይቃል። ከፋይ የሆነ አባል በደቂቃዎች ውስጥ «ከፍ ያለ አምፔር የሚችል ፊውዝ ቀይርበት፣ ትገላገላለህ» ብሎ ይመልስለታል። ይህ አደገኛ ምክር ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ እንዳይሸከም ለመከላከል ስለሆነ፣ በትልቅ ሲተካ ፊውዙ መቃጠሉን ያቆምና ሽቦው ግድግዳው ውስጥ መጋል ይጀምራል፤ መጨረሻውም እሳት ሊሆን ይችላል። ሙያውን የሚያውቅ፣ ነገር ግን ያልከፈለ ሌላ አባል ይህንኑ አብራርቶ ይጽፋል፤ ጽሑፉም «በአወያይ እስኪታይ ይጠብቁ» ተብሎ ይያዛል። አወያዩ ተኝቷል፣ ወይም መደበኛ ሥራው ላይ ነው። በማግስቱ ማረሚያው ሲጸድቅ፣ በአንዳንድ ሶፍትዌሮች የሚሰፍረው በጸደቀበት ሰዓት ሳይሆን በተጻፈበት ሰዓት ተራ በመሆኑ፣ ውይይቱ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሶ ሳለ እርሱ አንደኛው ገጽ መካከል ይሰነቀራል። ካቆመበት የሚቀጥል አንባቢ ወደ ኋላ አይመለስም። ማረሚያው ወጥቷል፣ ግን አልተነበበም፤ የተሳሳተው ምክር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ተቃዋሚ ሲነበብ አድሯል። እዚህ ላይ ማንም ሕግ አልጣሰም፣ ማንም አድልዎ አልፈጸመም፤ ሁሉም የሆነው ሥርዓቱ በታሰበው መንገድ በመሥራቱ ነው።

ክፍያ ምንም አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ሜታፊልተር የተባለ የመወያያ መድረክ በ2004 ለአዳዲስ ተመዝጋቢዎች የአንድ ጊዜ 5 ዶላር መግቢያ አስቀመጠ፤ በአንድ ሌሊት መቶ ሐሰተኛ አካውንት ለመክፈት ለሚያስብ ሰው ይህ ሒሳቡን የሚያበላሽ መሰናክል ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ክፍያው በአዲስ ገቢው ሁሉ ላይ እኩል የተጣለ መሆኑ ነው። በሩ ላይ ከከፈሉ በኋላ ለከፋይና ለነጻ አባል የተለየ ሚዛን አልነበረም። እንዲያውም 5 ዶላሩን የከፈለው ሰው ራሱ በፊት ገጹ ላይ ርዕስ ለመክፈት ጥቂት ቀናት መቆየትና በሌሎች ውይይቶች መሳተፍ ይጠበቅበት ነበር፤ ክፍያው በር ያስገባዋል፣ አመኔታን የሚያገኘው ግን በውሎው ነው። ልዩነቱን አጥብቄ የምይዘው ለዚህ ነው፤ የመግቢያ ክፍያና የመናገር ቅድሚያ አንድ አይደሉም።

ሰምቲንግ ኦፉል የተባለው መድረክ ደግሞ ለምዝገባ 10 ዶላር ከማስከፈሉም በላይ የታገደ አባል በአብዛኛው እንደገና 10 ዶላር ከፍሎ እንዲመለስ ይፈቅድ ነበር። አጋጁ ከእገዳው ገቢ የሚያገኝበት ይህ አሠራር ፈገግ ያሰኛል፤ የያዝነው ጉዳይ ግን ተገላቢጦሹ በመሆኑ የባሰ ነው። የወር ክፍያ በሚሰበሰብበት መድረክ ላይ ከፋይን ማገድ ገቢን ማጣት ስለሆነ፣ አወያዩ በከፋዩ ላይ እጁን ሲያነሳ ሁለት ጊዜ ያስባል፣ በነጻ አባሉ ላይ ግን አንድ ጊዜም ላያስብ ይችላል።

ክፍያ አጭበርባሪን ያርቃል የሚለው እምነትም ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ርካሽ ማስታወቂያ በጅምላ የሚበትነውን ያርቀዋል። ከአንድ ተጎጂ ብዙ ሺህ ለመውሰድ ያሰበ ሰው ግን ጥቂት ዶላር አያቆመውም፤ ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ እንዲሉ፣ ከፍሎ የገዛው ምልክት እንዲያውም ለማታለያው ተጨማሪ መታመኛ ይሆነዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ትዊተር የማረጋገጫ ምልክቱን በወር 8 ዶላር መሸጥ በጀመረ ማግስት የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። አንድ ሰው የመድኃኒት አምራቹን የኤላይ ሊሊን ስም ለብሶ፣ ምልክቱንም ከፍሎ አግኝቶ፣ ኢንሱሊን ከእንግዲህ በነጻ ይሰጣል ብሎ ጻፈ። ኩባንያው ሕዝብን ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ፤ ትዊተርም ሽያጩን ወዲያው አቁሞ በታኅሣሥ እንደ አዲስ ለመጀመር ተገደደ። ያ ምልክት ቀድሞ «ይህ ሰው እርሱ ራሱ ነው» ማለት ነበር፤ ሲሸጥ «ይህ ሰው ከፍሏል» ማለት ብቻ ሆነ፣ አንባቢው ግን የቀድሞውን ትርጉም እንደያዘ ነበር።

ታዲያ በምን እንለካ? መልሱ ከረጅም ጊዜ በፊት የተገኘ ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አዲስ አካውንት ከፊል ጥበቃ የተደረገላቸውን ገጾች ማረም የሚችለው 4 ቀን ከሞላውና 10 አርትዖት ከሠራ በኋላ ነው፤ ለድርጅቱ የፈለገውን ያህል ገንዘብ የለገሰ ሰው ደግሞ በልገሳው ምክንያት አንዲት ፊደል የመለወጥ ቅድሚያ አያገኝም። ብዙ መድረኮች የሚጠቀሙበት ዲስኮርስ የተባለው ሶፍትዌርም አባላትን በአመኔታ ደረጃ ይከፍላል፤ እንደ ወጣ ሳይነካ ከተተወ፣ አዲስ አባል 5 ርዕሶች ውስጥ ገብቶ ካየ፣ 30 ጽሑፎችን ካነበበና 10 ደቂቃ በንባብ ካሳለፈ ወደ ቀጣዩ ደረጃ በራሱ ጊዜ ይሸጋገራል። መስፈርቱ ቀላል ነው፤ ሆኖም ሮጦ ለጥፎ ለመጥፋት የመጣን አስቸጋሪ ለመለየት አያንስም፤ ለመወያየት የመጣውን ደግሞ እምብዛም አያደክመውም።

የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግም በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አለ። ከየካቲት 2024 ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ፣ የተጠቃሚን ጽሑፍ ሕገ ወጥ ነው ወይም ደንብ ጥሷል ብሎ የሚያነሳ ወይም ታይነቱን የሚገድብ አገልግሎት ምክንያቱን ለጸሐፊው በግልጽ እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ አታላይ የሆነ የጅምላ ማስታወቂያን ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ አድርጎታል። ልዩነቱን ያደረገው በጽሑፉ ጠባይ ላይ ነው። የጸሐፊው ሒሳብ ይከፈል አይከፈል የሚል ጥያቄ እዚያ ውስጥ የለም።

በእኔ አስተያየት፣ ነጻ አባላትን ማጣራት የሚፈልግ መድረክ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጽሑፎች ከከፋይም ከነጻም ሳይለይ ቢያጣራ፣ ከዚያም እነዚያ ጽሑፎች ያለ ችግር ካለፉ ገደቡን በራሱ ቢያነሳ ይበቃዋል። ሊንክ የያዘ ጽሑፍ ረዘም ላለ ጊዜ ቢጣራ ቅር አይለኝም፤ ብዙው ማስታወቂያ የሚመጣው በዚያ ነውና። የጸደቀ ጽሑፍ በጸደቀበት ሰዓት ተራ መስፈር አለበት፤ ይህ የሶፍትዌር ማስተካከያ ብቻ ሆኖ ሳለ ከላይ ያየነውን የፊውዝ ጉዳይ ግማሽ ያህል ያቃልለዋል። ውድቅ የተደረገም ቢሆን ለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገረው።

ባለቤቶቹ ገቢያችን ይቀንሳል ይሉ ይሆናል። ለከፋዩ የሚሸጥ ሌላ ብዙ ነገር አለ፦ ከማስታወቂያ ነጻ ገጽ፣ ለፎቶ ሰፋ ያለ ቦታ፣ በቆዩ ውይይቶች ውስጥ የተሻለ ፍለጋ። እነዚህ ማንንም ዝም አያሰኙም። ከፋዩ ለማንበብ የሚመጣው ደግሞ በአመዛኙ ነጻ አባላት የጻፉትን ነው፤ ጥያቄው የእነርሱ፣ መልሱም ብዙ ጊዜ የእነርሱ ነው። ይህ ሁሉ ተነግሮት የወረፋውን ልዩነት ለማቆየት የወሰነ መድረክ ካለ ግን ቢያንስ በምዝገባ ገጹ ላይ የነጻ አባል ጽሑፍ እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በግልጽ ይጻፍ፤ ተመዝጋቢው ግማሽ ቀን ለሚቆይ መልስ አንድ ሰዓት ይደክም ወይም ይተው እንደሆነ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ራሱ ይወስን።